ዋሾ አፍቃሪዎች

ሾፌሩ ብሩኖ የአሠሪውን መኪና የራሱ አስመስሎ፣ የሽቶ መደብር ሻጭ የሆነችውን ማሪዩቻን ከሚላኖ ከተማ አውጥቶ ወደ ሐይቆቹ አገር ይወስዳታል። ትናንት በብስክሌት ትራሟን እየተከተለ ሲለማመጣት የነበረው ሰው ዛሬ ባለመኪና ሆኖ ብቅ ሲል ልጅቷ ታምነዋለች፤ ወይም ልታምነው ትፈልጋለች። ዳሩ ግን የአሠሪው ሚስት እዚያው ታገኘዋለች። መኪናው የቤቷ ነውና ወደ ከተማ እንዲመልሳት ታዝዘዋለች። ብሩኖ እመቤቲቱን አሳፍሮ ሲከንፍ፣ ማሪዩቻ በገጠሩ ምግብ ቤት ብቻዋን ቀርታ የማይመጣውን ባለመኪና ትጠብቃለች።

ይህ በ1932 የተሠራው «ወንዶች፣ ምን ያሉ ወሮበሎች!» የተባለ ፊልም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዳይሬክተሩ ማሪዮ ካሜሪኒ ካሜራውን ከስቱዲዮ አውጥቶ በእውነተኞቹ የሚላኖ ጎዳናዎችና በከተማዋ የንግድ ትርኢት መካከል አቆመው። ብሩኖን ሆኖ የተጫወተው ደግሞ ያኔ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ የነበረው ቪቶሪዮ ደ ሲካ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በተጀመረው የቬኒስ የፊልም ትርኢት ላይ ታየ። የጣሊያን የፍቅር ኮሜዲ ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ በአብዛኛው እዚህ ፊልም ውስጥ ይገኛል፤ ድሃ አፍቃሪ፣ የተበደረው ክብር፣ የምትጠብቅ ሴትና ሳይወዱ በግድ የሚመጣ ኑዛዜ።

እነዚህን ፊልሞች የሚወድ ሰው ለምን እንደሚወዳቸው ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ፀሐዩን፣ ጠባቦቹን መንገዶች፣ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚጯጯሁትን ሴቶች፣ የጂና ሎሎብሪጂዳንና የሶፊያ ሎሬንን ውበት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሥሩ አይደለም። የእነዚህ ፊልሞች ኃይል ያለው በውሸት ላይ ነው። አፍቃሪው ያልሆነውን ነኝ ይላል፤ የሚዋሸውም ከክፋት ሳይሆን ከማጣት የተነሣ ነው፤ የያዘው ነገር ለመወደድ የሚበቃ አልመሰለውምና። ስለዚህም ተመልካቹ «ይጋቡ ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም፤ እንደሚጋቡማ ያውቃል። የሚጨነቀው «መቼ ይናዘዝ ይሆን? ሲናዘዝስ ማን ይቀበለው ይሆን?» ብሎ ነው። የዚህን ውሸት ታሪክ ከ1932 ጀምሮ የተከተለ ሰው፣ የአንዲት አገርን ታሪክ አብሮ ይከተላል። ያቺም አገር ከእኛ ታሪክ ጋር በደም የተሳሰረች ናትና፣ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ሲስቅ አንድ ዓይኑን ገልጦ ቢስቅ ያስተዋለ ነው።

ካሜሪኒና ደ ሲካ በ1937 «አቶ ማክስ» የተባለውን ፊልም ይዘው መጡ። ጃኒ በሮማ ከተማ ጋዜጣ ሻጭ ነው። በአንድ የመርከብ ጉዞ ላይ መኳንንቱ ከእነርሱ ወገን የሆነ ማክስ የሚባል ሰው ይመስላቸዋል፤ እርሱም ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰው ሆኖ ይኖራል፤ አንዴ በኪዮስኩ ውስጥ ጃኒ፣ አንዴ በሳሎኑ ውስጥ ማክስ። የትልቂቱን ወይዘሮ ልብ ሊያገኝ ሲባክን፣ በዚያው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ላውሬታ ሁለቱን ፊቶች አይታ ግራ ትጋባለች። በመጨረሻ ጃኒ የመኳንንቱን ዓለም ትቶ ወደ ኪዮስኩና ወደ ላውሬታ ይመለሳል።

ፊልሙ ዛሬም ያስቃል። የደ ሲካ ፊት በአንድ ቅጽበት ከማክስ ወደ ጃኒ ሲወርድ ማየት ደስታ ነው። ነገር ግን ፍጻሜውን ልብ በሉ። ድሃው ከፍ ለማለት ሞከረ፤ አፈረ፤ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ደስም አለው። ቦታውን ማን እንደ ወሰነለት የሚጠይቅ የለም። በፋሺስት ዘመን የሣቅ ድንበሩ ይኸው ነበር፤ ትንሹ ሰው ስለ ራሱ የዋሸው ውሸት ይጋለጣል፤ መንግሥት ስለ ራሱ የሚዋሸው ውሸት ግን አይነካም። በእነዚያ ዓመታት ብዙዎቹ ኮሜዲዎች በሀብታሞች ሳሎን ውስጥ ከሚታየው ነጭ ስልክ የተነሣ «የነጭ ስልክ ፊልሞች» ተብለው ተጠርተዋል። ተራው ሰው የሚያውቀው ስልክ ጥቁር ነበርና፣ ነጩ ስልክ የሌላ ዓለም ምልክት ነበር።

ያን ዓመት በእኛ አቆጣጠር እንመልከተው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የመግደል ሙከራ በኋላ በአዲስ አበባ ጭፍጨፋው ተጀመረ። ሚያዝያ 20 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ ሙሶሊኒ በሮማ ዳርቻ ቺኔቺታ የተባለውን ታላቁን የፊልም ከተማ መርቆ ከፈተ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 68 ቀን ብቻ ነው። የጣፋጮቹ ኮሜዲዎች ዳይሬክተር ማሪዮ ካሜሪኒ ራሱም ከዚህ አልራቀም። በ1936 «ታላቁ ጥሪ» የተባለ ፊልም ሠርቷል። በጅቡቲ ሆቴል ያለው፣ ለኢትዮጵያውያን መሣሪያ የሚያሻግር ጣሊያናዊ ልቡ ተመልሶ ለወራሪው ሠራዊት ሲል ሕይወቱን የሚሰጥበት ታሪክ ነው። ሾፌሩን ብሩኖን እንዲያ በርኅራኄ የተመለከተች ያቺው ዓይን ስለ እኛ ስትናገር የነገሯትን ደገመች። ርኅራኄም ድንበር እንደሚበጅለት ለማወቅ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

ጦርነቱ ሲያልቅ የነጭ ስልኩ ዓለም አብሮ ፈረሰ። ያ ቆንጆ አፍቃሪ፣ ያ ቪቶሪዮ ደ ሲካ፣ ከካሜራው ፊት ወደ ኋላ ዞሮ «ጫማ ጠራጊዎች»ን በ1946፣ «የብስክሌት ሌቦች»ን በ1948 ሠራ። የብስክሌቱን ታሪክ ያየ ሰው ሥራና ክብር በአንድ ጎማ ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠሉ አይረሳም። ኮሜዲውም ከዚህ ትምህርት ወሰደ። ፍቅረኞቹ ከሳሎን ወጥተው ወደ ተራበው መንደር ገቡ። አንዳንድ ሐያስያን ይህን «ሮዝ ኒዎሪያሊዝም» ብለው አሽሟጠጡት፤ ድህነትን ሮዝ ቀለም ቀባው ለማለት ነው። ትችቱ መሠረት አለው። ሆኖም ከፊልሞቹ የተሻሉት ረኀቡን አልደበቁትም፤ በሣቅ ውስጥ አኖሩት እንጂ። ሰምና ወርቅ ለለመደ የአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ሰሙ ጨዋታ፣ ወርቁ ባዶ ሞሰብ ነው።

ለዚህ የማቀርበው ምስክር የሬናቶ ካስቴላኒ «የሁለት ሳንቲም ተስፋ» ነው። በ1952 በካን ፌስቲቫል ከኦርሰን ዌልስ «ኦቴሎ» ጋር ታላቁን ሽልማት ተካፍሏል። አንቶኒዮ ከውትድርና ወደ ቬሱቪዮ ተራራ ሥር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። የያዘው ሥራ ሁሉ ይከዳዋል። ካርሜላ ግን አትለቀውም፤ በየሄደበት ትከተለዋለች፤ አንዳንዴ ያገኘውን ሥራ የምታሳጣውም እርሷው ናት። አባቷ አልድርም ሲል፣ አንቶኒዮ ከአባቷ ቤት ምንም ላለመውሰድ ሲል ልብሷን እንኳ አስወልቆ ይመልስለታል። ያን ጊዜ የገበያው ነጋዴዎች ልብስና ጫማ በዱቤ ይሰጧቸዋል።

ኑሮዬ በባንክ መስኮት ጀርባ ስለ ሆነ ይህ ትዕይንት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይይዘኛል። ለብድር የሚመጣ ሰው መያዣ አምጣ ይባላል፤ ቤት፣ መኪና፣ የደመወዝ ደብዳቤ፣ ዋስ። እነዚህ ሁለት ልጆች ያላቸው መያዣ እዚያ መቆማቸው ብቻ ነው። ነጋዴዎቹም ሀብታሞች አይደሉም፤ የሚያበድሩት ከጉድለታቸው ነው። ልብ አድርጉ፤ እዚህ ፊልም ውስጥ ባለመኪና ነኝ የሚል የለም። አፍቃሪው ምንም እንደሌለው በአደባባይ ይናገራል፤ ሕዝቡም በዚያው ቃል ያምነዋል። በሃያ ዓመት ውስጥ ውሸቱ ወደ ኑዛዜ፣ ኑዛዜውም ወደ ዋስትና ተለወጠ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1953፣ ሉዊጂ ኮሜንቺኒ «እንጀራ፣ ፍቅርና ምናብ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ፊልም አወጣ። (ቃሉ «ዳቦ» ነው፤ ነገር ግን እኛ «እንጀራ» ስንል ኑሮንም ማለታችን ነውና ትርጉሙን የሚሸከመው ይኸኛው ነው።) ደ ሲካ አሁን ዕድሜው የገፋ የካራቢኔሪ ሹም ሆኖ ወደ አንዲት ተራራማ መንደር ይመጣል። ርእሱ የተወሰደው ከአንድ አጭር ትዕይንት ነው። ሹሙ ዳቦ የሚገምጥ ድሃ ሰው አግኝቶ በመካከሉ ምን እንዳለ ሲጠይቀው፣ ሰውየው ምናብ ብቻ እንዳለበት ይመልስለታል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ዳቦው ግን ባዶ ነው።

ሹሙ በሎሎብሪጂዳ የምትታየውን ወጣት ድሃ ይመኛታል፤ ልጅቷ ግን ዓይን አፋሩን ወጣት ካራቢኔር ትወዳለች። የእርሱ ልብ በመጨረሻ የሚያርፈው በመንደሯ አዋላጅ ላይ ነው። አዋላጇ ያለ ጋብቻ የወለደችው ልጅ አላት፤ ይህንንም ራሷ ትነግረዋለች። የሠራዊቱ ደንብ እንዲህ ያለች ሴት እንዲያገባ አይፈቅድለትም። እርሱም ልብሰ መኮንኑን ለመተው ይወስናል። እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ተለውጧል። በ1937 አፍቃሪው ወደተመደበበት ቦታ ተመለሰ፤ በ1953 ቦታውን ለፍቅር ሲል ይለቃል። እውነቱን የተናገረችው ሴት አላፈረችም፤ ያፈረው ደንቡ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጸሐፊ አለ፤ ስሙ ኤኒዮ ፍላያኖ ነው። በ1935 እና በ1936 በኢትዮጵያ ላይ በተካሄደው ወረራ መኮንን ሆኖ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 «የመግደያ ጊዜ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። በአገራችን ምድር መንገድ የሳተ አንድ ጣሊያናዊ መኮንን ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ጋር ያድራል፤ ሌሊት አውሬ መጣ ብሎ የተኮሰው ጥይት ያቆስላታል፤ ከዚያም ይገድላታል፤ ይቀብራታል። የቀረው መጽሐፍ ወንጀሉን ለመደበቅ የሚሮጥ ሰው ታሪክ ነው። ልብ ወለዱ በዚያው ዓመት የተጀመረውን የስትሬጋ ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ።

ይኸው ፍላያኖ ከፌዴሪኮ ፌሊኒ ጋር ለሲኒማ ይጽፍ ነበር። በ1952 «ነጩ ሼክ» የተባለው ኮሜዲ ሲጻፍ እጁ ነበረበት። ቫንዳ የጫጉላ ጉዞዋን ለማድረግ ከባሏ ጋር ከገጠር ወደ ሮማ ትመጣለች። ባልየው ዘመዶቹን ሊያስተዋውቃትና ከጳጳሱ ፊት ሊያቀርባት ደፋ ቀና ሲል፣ እርሷ ተደብቃ በፎቶ የሚሠራውን የፍቅር መጽሔት ጀግና ፍለጋ ትወጣለች። ጀግናው ነጩ ሼክ ነው፤ ጥምጥም የጠመጠመ፣ የበረሃ ንጉሥ። ስታገኘው አልቤርቶ ሶርዲ የሚጫወተው ቀባጣሪ ነው፤ በረሃውም የሮማ ባሕር ዳርቻ ነው። ሚስቱ መጥታ ፊት ለፊቷ ትማታዋለች። ቫንዳ በኀፍረት ከቲቤር ወንዝ ስትገባ ውኃው ጥልቀት የለውም። በመጨረሻ ከባሏ ጎን ሆና፣ ነጩ ሼኬ አንተ ነህ ትለዋለች።

ፍላያኖ ይህን ሲጽፍ ምን እንዳሰበ በልቡ ገብቼ አላየሁም። ሆኖም አንድ ትውልድ በሩቅ አገር በረሃና በጀግንነት ሥዕል ተታልሎ መዝመቱን፣ ሥዕሉም ከካርቶን የተሠራ ሆኖ መገኘቱን ከእርሱ ይልቅ በቅርብ የሚያውቅ የፊልም ጸሐፊ ማግኘት ይከብዳል። በልብ ወለዱ ውስጥ ውሸቱ ሰው ይገድላል፤ በኮሜዲው ውስጥ አንዲት ሙሽራን ያስለቅሳል። ሁለቱን የጻፈው እጅ አንድ ነው። ለእኔ የጣሊያን የፍቅር ኮሜዲ ዕድሜው የበሰለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስቀው ሰው የሚያስለቅሰውን ነገር ማወቁ ሲታይ።

ሣቁ ከዚያ በኋላ ወደ ሕግ ዞረ። የጣሊያን የወንጀል ሕግ በፋሺስት ዘመን በ1930 የወጣ ነበር። አንቀጽ 587 ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እኅቱን ከሌላ ወንድ ጋር አግኝቶ በክብር ቁጣ የገደለ ሰው ከ3 እስከ 7 ዓመት ብቻ እንዲታሰር ይላል። ፍቺ ግን ክልክል ነበር። ዳይሬክተሩ ፒዬትሮ ጄርሚ ሁለቱን አንድ ላይ ቢያስቀምጣቸው ምን እንደሚወጣ በ1961 «ፍቺ በጣሊያን ወግ» በተባለው ፊልም አሳየ። ማርቼሎ ማስትሮያኒ የሚጫወተው ሲሲሊያዊ ባሮን የአጎቱን ልጅ ይወዳል፤ ሚስቱን ሊፈታ አይችልም፤ ሊገድላት ግን ይችላል፤ ውሽማ ብቻ ማበጀት ይኖርበታል። ስለዚህም ለሚስቱ ውሽማ ፍለጋ ይባዝናል። ፊልሙ በአሜሪካ የኦስካርን የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አገኘ።

ጄርሚ በ1964 «ተታላ የተተወች» በተባለው ፊልም ሌላውን አንቀጽ ያዘ፤ ሴትን የደፈረ ወይም የጠለፈ ወንድ ካገባት ወንጀሉ የሚሰረዝበትን። እዚህ አማርኛ አንባቢ ፈገግታው ይቆማል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የእኛም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ክስ እንዳይቀርብ ይል ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው ይህን ያስቀረው። ታፍና በተወሰደችበት ቤት ውስጥ «በፈቃዷ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጄርሚ በሣቅ፣ የእኛ እናቶችና እኅቶች በሕይወታቸው ያውቁታል። በፊልሙ መጨረሻ የቤተሰቡን ስም ለማዳን ልጁን የሠዋው አባት ይሞታል፤ በመቃብሩም ላይ «ክብርና ቤተሰብ» ተብሎ ይጻፍለታል።

ፊልሙ ከታየ በኋላ በሲሲሊ አልካሞ ከተማ ተጠልፋ የተደፈረችው ፍራንካ ቪዮላ ጠላፊዋን አላገባም አለች፤ ጠላፊውም ተፈርዶበት ታሰረ። ፍቺ በ1970 ተፈቀደ፤ በግንቦት 1974 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 59 ያህሉ ሕጉ ይጽና አሉ። ሁለቱ የክብር አንቀጾች በ1981 ተሰረዙ። ፊልም ብቻውን ሕግ ለወጠ አልልም። ነገር ግን በሲኒማ አዳራሽ የተሳቀበት ሕግ በፍርድ ቤት እንደ ቀድሞው ኮስትሮ መቆም ይከብደዋል።

የደ ሲካ የራሱ ኑሮም ከዚህ ወግ አልወጣም። በ1937 ተዋናይቱን ጁዲታ ሪሶኔን አገባ፤ ኋላ ማሪያ መርካደርን ወደደ፤ ከሁለቱም ልጆች ወለደ። አገሩ ፍቺን ስለማትፈቅድ ለዓመታት ሁለት ቤት ይዞ ኖረ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ በሁለቱም ቤት እኩለ ሌሊትን ለማክበር በአንደኛው ሰዓቱን ያዛባ ነበር ተብሎ ይነገራል። በመጨረሻ ፈረንሳዊ ዜግነት አግኝቶ በ1968 መርካደርን በፓሪስ አገባ። ያረፈው ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ ስድስት ወር በኋላ፣ በኅዳር 1974 ነው።

በ1964 የሠራው «ጋብቻ በጣሊያን ወግ» ከዚህ ኑሮ የተቀዳ ይመስላል፤ መሠረቱ ግን ኤድዋርዶ ደ ፊሊፖ በ1946 የጻፈው «ፊሉሜና ማርቱራኖ» የተባለ ተውኔት ነው። ሶፊያ ሎሬን የምትጫወታት ፊሉሜና ለዓመታት ያገለገለችውን ዶሜኒኮን ለማግባት ልትሞት የተቃረበች መስላ ትተኛለች። ቃል ኪዳኑ ሲፈጸም ከአልጋዋ ትነሣለች። እርሱም በሕግ ያፈርሰዋል። ያን ጊዜ ከሦስቱ ወንዶች ልጆቿ አንዱ የእርሱ መሆኑን ትነግረዋለች፤ የትኛው እንደሆነ ግን አትነግረውም። ብትነግረው አንዱን ብቻ ይወዳልና። ዶሜኒኮ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ መርምሮ ሲያቅተው የሦስቱም አባት ለመሆን ይስማማል።

ከብሩኖ መኪና እስከ ፊሉሜና ምሥጢር 32 ዓመት ነው። በመጀመሪያው ፊልም ወንዱ ዋሸ፤ ሴቲቱ ጠበቀች። በኋለኛው ሴቲቱ ዋሸች፤ ከዚያም እውነቱን ከፍላ ሰጠች፤ የደበቀችው ግማሽም ፍትሕ ሆነ። የእነዚህ ፊልሞች ጥበብ ውሸት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ማወቃቸው ነው። ለመታየት የሚዋሽ አለ፤ ለመብላት የሚዋሽ አለ፤ ልጆቿን እኩል ለማስቀመጥ የምትዋሽ አለች። ከሁሉ የከፋው ግን በሕግና በሠራዊት ልብስ የሚመጣው ነው፤ እርሱ አያፍርምና።

ሾፌሩ በሰዓት ተኩል ውስጥ ይናዘዛል፤ መንግሥታት ግን ቀርፋፋ ናቸው። በወረራው ጊዜ በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ መዝነቡን የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስልሳ ዓመት ፈጀ። የጣሊያን ኮሜዲ የአገሩን መኳንንት፣ የአገሩን ክብር፣ የአገሩን ዳኞች በድፍረት ሲያጋልጥ፣ ከላይ በጠራኋቸው ኮሜዲዎች ውስጥ ስለ እኛ የተነገረው ውሸት ኑዛዜ አላገኘም። ፍላያኖም ያን ኑዛዜ ያደረገው በልብ ወለድ እንጂ በኮሜዲ አይደለም።

ይህ ፊልሞቹን ከመውደድ አያግደንም፤ አወዳደዳችንን ያስተካክለዋል እንጂ። ጃኒ በኪዮስኩ ውስጥ ጋዜጣውን ሲያጥፍ እንሣቅ፤ ካርሜላ በዱቤ ልብስ ስትሞሸር ደስ ይበለን። በዚያው ሳለን ዋሾው አፍቃሪ ያስተማረንን እናስታውስ። ሰው የሚወደደው ከተናዘዘ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወደደው የተበደረው መኪና ነው።